ታብሌቱ ስለ ጉልበቴ ሲጠይቀኝ

ዘመኑ ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት፣ ወሩ ጥር ነው። ቶሮንቶ በረዶ ይጥላል፤ ነፋስ የለም።

እንዲህ ያለ ቀን ድምፅ የለውም። ዝናብ ቢሆን ጣራ ይመታል፣ ጎርፍ ያስጮኻል፤ በረዶ ግን ሳያንኳኳ የሚገባ እንግዳ ነው፤ ቀና ስትሉ አገሩን ሁሉ ይዞት ታገኙታላችሁ። እኔ ዝም ያለ ነገር ስለምወድ ከዚህ አገር ብርድ ጋር ባንስማማም ከበረዶው ጋር ተስማምተናል። ከሰላምታው ጋር ግን ገና ነን።

እኛ ሰላምታ የምናበዛ ሕዝብ መሆናችንን መቼም ታውቃላችሁ። እንደምን አደርክ፣ ቤቱ ደህና፣ ልጆቹ ደህና፣ ከብቱ ደህና፣ አዝመራው ደህና እየተባባልን ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ከተገናኙ ፀሐይ ትዘቀዝቃለች። ለዚህ ሁሉ ጥያቄ ግን መልሱ አንድ ነው፦ ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። በሬ የሞተበትም ደህና ነው። የበሬው ወሬ የሚመጣው ጨዋታው ሁሉ ካለቀ፣ ሰውየው ለመሄድ ፊቱን ካዞረ በኋላ ነው፤ ያኔ እንደ ዘበት፣ ያ ቦራው በሬዬ እንኳ ሞተብኝ ይላል። የዚህ አገር ሰው ደግሞ ሃው አር ዩ ይልና መልሱን ሳይሰማ ያልፋል። እኛ ረጅም ጠይቀን አንመልስም፤ እነሱ አጭር ጠይቀው አይሰሙም። በዚህ መካከል ሰው በሰላም ይኖራል። ችግሩ የመጣው ጠይቆ፣ ዝም ብሎ፣ መልስ እስኪሰጠው የሚጠብቅ ነገር የተፈጠረ ለት ነው።

እኔ ጎጃም ገበሬ ነበርኩ። አሁን ከባለቤቴ ከበላይነሽ ጋር ፍሌሚንግደን ፓርክ፣ አሥራ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ልጃችን ትዕግሥት ዘንድ እንኖራለን። ከመስኮታችን ቁልቁል ሲያዩ ሸለቆው አለ፤ ከሸለቆው አጠገብ ደግሞ የሰፈሩ ሰው በየመደቡ የሚያለማው የአትክልት ቦታ ይታያል። አንዷ መደብ የእኔ ናት። ትንሽነቷን ልንገራችሁ፤ በሬ ቢቆምባት ጭራው የጎረቤት መሬት ላይ ያርፋል። ሆኖም መሬት ናት። ጎመን፣ ቃሪያ፣ ድንች አብቅላልኛለች።

ወደ እሷ የሚወስደው መንገድ ግን ቁልቁለት ነው፤ ቀኝ ጉልበቴ ቁልቁለት እምቢ ካለ ቆየ። ያለፈው ሰመር፣ የዚህ አገር በጋ፣ ሳልወርድ አልፎ መደቤን አረም ወረሳት። የቦታው ኃላፊ የሆነችው ሴት ለትዕግሥት በትሕትና ነግራታለች፤ በሚመጣው ሰመርም ካልለማች ተራ ለሚጠብቅ ሰው ትሰጣለች። የጉልበቴ ሐኪም በበኩሏ የካቲት ላይ ጉልበቱ በኦፕራሲዮን ከተቀየረ ጎመን በሚተከልበት ወቅት ቀስ እያለ ይወርዳል ብላናለች። እንግዲህ ነገሬ ሁሉ የተንጠለጠለው በዚያች የኦፕራሲዮን ቀን ላይ ነበር።

እስከዚያው በዓይኔ እወርዳለሁ። ክረምቱን ሙሉ መስኮቱ ዘንድ ወንበር ላይ ተቀምጬ ዓይኔ ከደን ሲል ያ ቁልቁለት ይለሰልስልኛል። ያለ ከዘራ እሄዳለሁ። በረዶው ከእግሬ በታች አይሰበርም፣ ዱካም አይቀርብኝም። መደቤ ዘንድ ስደርስ ከበረዶው ሥር ያለው አፈር ይታየኛል፤ ጥቁር ነው፣ ይሞቃል፣ በእጄ አንስቼ ፍርክስክስ አደርገዋለሁ። ትዕግሥት ከሥራ ስትገባ አባባ ተኝተዋል ወይ ትለኛለች። አልተኛሁም። መሬት እያየሁ ነው። ግን ይኼን ለማስረዳት ብዙ ማውራት ስላለብኝ፣ አዎ ተኝቼ ነበር እላታለሁ።

ከኦፕራሲዮኑ በፊት ሆስፒታል አንድ ቀጠሮ ነበረን። ትዕግሥት እኔንና እናቷን በር ላይ አውርዳ ፓርኪንግ ፍለጋ ሄደች። ከጠረጴዛው ጀርባ ያለችው ልጅ ስሜን ከጠየቀች በኋላ አንድ ታብሌት እጄ ላይ አስቀመጠችና በምልክት እያነበብክ ተጫን አለችኝ። ስነካው በራ። መጀመሪያ የቋንቋ ስም ደረደረ፤ ከማላውቃቸው ፊደሎች መካከል የእኔው ፊደል ብቅ አለ። ሰው አገር ገበያ ላይ የጎረቤቱን ልጅ ያየ ሰው እንደሚሆነው ሆንኩ። አራተኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ፤ ለራሴ ጉልበት ልጄን አስተርጓሚ ማቆም አያስፈልገኝም ብዬ መነጽሬን አደረግሁ።

ታብሌቱ አንተ አለኝ። ልጄ ደፍራ የማትለኝን፣ ባለቤቴም ብትቆጣ የማትለኝን፣ ትናንት የተሠራ መስታወት አንተ አለኝ። አለፍኩት።

ባለፈው ሳምንት ደረጃ መውረድ ምን ያህል አስቸገረህ ይላል። ከሥሩ ምንም፣ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ብዙ፣ እጅግ ብዙ የሚሉ ምርጫዎች አሉ። አሰብኩ። የምንኖርበት ሕንፃ ኤሌቬተር አለው፤ ባለፈው ሳምንት ደረጃ የሚባል ነገር አልረገጥኩም። ያልረገጥኩት ደረጃ ሊያስቸግረኝ አይችልም። ምንም የሚለውን ተጫንኩ። ካልሲ ማጥለቅስ? በየማለዳው ካልሲዬ ያለ ችግር እግሬ ላይ ይገኛል። ምንም። ገላ መታጠብ? ታጥቤያለሁ። ምንም። የቤት ሥራስ አለኝ። የቤት ሥራ ኖሮኝ አያውቅም፤ ምንም። ቁልቁለት መሄድ ሲለኝ ቀና ብዬ በመስኮቱ በረዶውን አየሁ። ባለፈው ሳምንት በየቀኑ የወረድኩት ያ ነጭ ቁልቁለት ትዝ አለኝ፤ እንዴት እንደሚለሰልስ፣ እግሬ እንዴት እንደሚቀለው። እሱንም ምንም አልኩት።

አስተውሉልኝ፤ አልዋሸሁም። አንዱንም አልዋሸሁም።

በመጨረሻ ሕመምህን ከዜሮ እስከ አሥር ባለው ቁጥር ግለጽ አለ። እህል በቁና ይሰፈራል፤ ሕመም በምን እንደሚሰፈር አልገባኝም። አሥር ብል ከእኔ የባሰው ሰው ምን ሊተርፈው ነው? ዜሮ ማለትም ድፍረት መሰለኝ። አንድ አልኩ።

አጠገቤ ካፖርቷ ላይ ነጠላዋን ጣል አድርጋ የተቀመጠችው በላይነሽ ምን እያለ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ስለ ጤናዬ ይጠይቃል አልኳት። ምን መለሱለት አለች። ደህና ነኝ አልኩት አልኳት። እግዚአብሔር ይመስገን ብላ ዓይኗን ጨፈነች።

ትዕግሥት ፀጉሯ ላይ በረዶ ይዛ ስትገባ፣ አባባ ፎርሙን ብቻዎን ፊኒሽ አደረጉት ብላ ደስ አላት። ቀና ብዬ ተቀመጥኩ።

ወደ ውስጥ ጠሩን። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ፊቷ ደግ ነው። የጉልበቴን ራጅ አየች፣ የመለስኩትን አየች፣ እኔን አየች። እንደገና ራጁን አየች። ከዚያ ለትዕግሥት ረጋ ብላ ማውራት ጀመረች፤ ሐኪሟ ባወራች ቁጥር የልጄ ፊት ይጠቁር ነበር።

"አባባ፣" አለችኝ ትዕግሥት፣ "ራጁ አጥንትዎ አልቋል ይላል። እርስዎ ደግሞ ምንም አልሆንኩም ብለዋል። እንዲህ የመለሰ ሰው ኦፕራሲዮን ቢደረግም ይኼን ያህል ለውጥ አያይም ነው የምትለው። ቀኑን ካንስል አድርገን ለባሰበት ሰው እንስጠው፣ እርስዎን በሚመጣው ዓመት እንይዎት እያለች ነው።"

በሚመጣው ዓመት መደቤ ላይ የሌላ ሰው ቲማቲም ይበቅላል። መናገር የነበረብኝ ያኔ ነበር። ነገር ግን ዕድሜዬን ሙሉ ደህና ነኝ ሲል የኖረ አፍ በአንድ ጊዜ አመመኝ ለማለት አይታዘዝም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የአጥንት ሥዕል ማየት ጀመርኩ። ትዕግሥት በእንግሊዝኛ ትከራከራለች፤ ቃላቱ በላዬ ላይ እንደ ደመና ያልፋሉ። ነገሩ ሁሉ የእኔ ሳይሆን አጠገባችን የተቀመጠ የሌላ ሰው ጉዳይ መሰለኝ።

በላይነሽ የልጇን እጅጌ ያዝ አድርጋ ክርክሩ ምን እንደሆነ ጠየቀቻት። ከዚያ፣ አባትሽ የመለሱትን አንድ በአንድ አንብቢልኝ አለች። ትዕግሥት ከሐኪሟ ተቀብላ አነበበች። ደረጃው አለፈ። ካልሲው ጋ ሲደርስ በላይነሽ እጇን አነሳች።

"ካልሲ ማጥለቅ አያስቸግረኝም ያሉት በማን እጅ ነው፣ አንቱ?"

በየማለዳው ምንጣፉ ላይ በርከክ ትልና ካልሲዬን ታጠልቅልኛለች፤ ከዚያ የወንበሩን እግር ይዛ ስትነሳ፣ እመቤቴ ትላለች። እኔ ስትጸልይ ነበር የሚመስለኝ።

ትዕግሥት ማንበቧን ቀጠለች፤ ገላ መታጠብ ላይ ግን ድምፅዋ ቀነሰ። ከገንዳው ደግፋ የምታወጣኝ፣ ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት፣ እሷ ናት። ሌላ ሰው ልታነሳ ነው እንግዲህ የምትሄደው፤ ሥራዋ አረጋውያንን መርዳት ነው።

እናንተ ይኼን የምታነቡ ወንዶች፣ በተለይ በእኔ ዕድሜ ያላችሁ፣ ደህና ነኝ ከማለታችሁ በፊት ዘወር ብላችሁ ቤታችሁን እዩ። እኔ ሕመሜ ቀለል ያለልኝ መስሎኝ ነበር። ለካ ሴቶቹ ተካፍለው ተሸክመውልኝ ኖሯል።

ሐኪሟ እናትሽ ምን አለች ብላ ጠይቃ ሲነገራት አልሳቀችም። ወንበር ወደ እኔ ስባ ካልሲዬን በእጇ አመለከተች፤ እስቲ አውልቀህ መልሰህ አድርገው ማለቷ ነው። ማውለቁን በሌላው እግሬ ጫፍ እየገፋሁ እንደምንም ተወጣሁት። ከዚያ ካልሲዬን ይዤ ጎንበስ አልኩ። ወለሉ ራቀኝ፤ እግሬ ከአሥራ ሁለተኛ ፎቅ እንደማያት መደብ እዚያ ታች ትንሽ ሆና ታየችኝ። በዓይኔ ወረድኩ፤ እጄ ግን ከዓይኔ ጋር አልወረደም። ጉልበቴን ላጥፍ ስል ነጭ ነገር ዓይኔ ላይ በራ። በላይነሽ ልትነሳ ስትል ትዕግሥት ያዘቻት። ሁለተኛ ሞከርኩ። ላብ አጠመቀኝ።

"አልቻልኩም" አልኩ።

ይኼን ቃል ከራሴ አፍ ስሰማው እንግዳ ሆነብኝ። ሐኪሟ ትርጉም አልጠየቀችም። ለትዕግሥት ግን አንድ ነገር ነገረቻት፤ መልሱ ከታማሚው መምጣት ስላለበት እሷ ልታስተካክለው አትችልም፤ እንደ አዲስ ይሙላውና ካየሁት ጋር ከተስማማ ቀኑ እንደጸና ይቆያል። ታብሌቱን እጄ ላይ መልሳ ሌላ በሽተኛ ልታይ ወጣች።

ትዕግሥት ልትወስድልኝ እጇን ዘረጋች። ያን ጊዜ ነው የወሰንኩት። ታብሌቱን አልሰጠኋትም። በላይነሽን አጠገቤ እንድትቀመጥ ነገርኳትና ከመጀመሪያው ጀምሬ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። እሷ ትመልስ፣ እኔ ሳልከራከር እጫን፤ ውሉ ይኼ ነው።

መከራከር አለመቻል ከባድ ነው። ደረጃ ስላት፣ ባለፈው ወር ኤሌቬተሩ የተበላሸ ቀን ታች ጎረቤት ቤት ተቀምጠው አልዋሉም ወይ አለችኝ። እጅግ ብዙ። ካልሲውን አንብቤ ሳልጨርስ እጅግ ብዙ አለች። የቤት ሥራ የሚለው ላይ ስንደርስ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ይኼን እንኳ ይለፉት፣ ጉልበትዎ ጤነኛ ሳለም አያውቁበትም አለች፤ ትዕግሥት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፣ ትከሻዋ ግን ይስቅ ነበር። ታብሌቱ ሳይመለስለት አላሳልፍ ስላለን መካከለኛ ላይ ታረቅን። የሕመሙን ቁጥር አምስት እንድትለኝ ጠበቅሁ። ስምንት አለች። ስድስት ይበቃል ብዬ ውሉን ላፈርስ ስል፣ ተኝተው ሲያቃስቱ የምሰማው እኔ ነኝ፣ ስምንት ነው አለች። ስምንትን ተጫንኩ።

የመጨረሻው ጥያቄ ደረሰ። ስለ ጉልበትህ ምን ያህል ጊዜ ታስባለህ ይላል። አነበብኩላትና ጠበቅሁ። ደግሜ አነበብኩላት።

"ይኼንን እኔ አላውቅም" አለች በላይነሽ። "ነግረውኝ አያውቁም።"

ምርጫዎቹን አየኋቸው። ትዕግሥትም አንገቷን ዘርግታ ታያለች፤ እናቷ ግን የምታየው እኔን ነው።

ሁልጊዜ፣ በየቀኑ አልኳት፤ እንድትሰማኝ ጮክ ብዬ። ከዚያ ተጫንኩት።