ፀሐይ የበላው ላስቲክ

ቤታችሁ ውስጥ ፋብሪካ ያለበሰው ላስቲክ እስካሁን ያልተላጠለት ዕቃ ስንት አለ? አትደንግጡ፣ ላጋልጣችሁ አይደለም። ሶፋውን በላስቲክ ሸፍነን፣ በሸዋ ሮቢት ሙቀት ጭናችን እየተጣበቀ እንግዳ የምናስተናግድ ሰዎች ነን። ዕቃው እንዳያረጅ እኛ እናረጃለን።

ታናሽ ወንድሜ አበራ ግን ከሁላችንም ይብሳል። ባሕር ማዶ ሳለሁ፣ እናታችን ሐኪም ቤት የምትመላለስበት አዲስ ነጭ መኪና ልኬለት ነበር። እሱ ይቆሽሻል ብሎ፣ ፋብሪካ ገላው ላይ የለጠፈውን ላስቲክ እንኳ ሳያነሳ ግቢ ውስጥ አቆመው። እናቴ እስክትሞት በባጃጅ ተንገጫገጨች። ይህን የሰማሁት ዘንድሮ፣ ከስንት ዘመን በኋላ ስመለስ ነው።

የቆላው ፀሐይ ላስቲኩን ቀቅሎ ከቀለሙ ጋር አጣብቆታል። በቤንዚን ቢታሽ፣ በምላጭ ቢፋቅ ሙጫው ወይ ፍንክች። አበራ በንጹሕ መኪና እናታችን መቃብር ድረስ ወስዶኝ እዚያ ሊታረቀኝ አስቧልና፣ ከአዲስ አበባ በሌዘር ብርሃን ሙጫ የሚያነሣ ባለሙያ አስመጣ። ባለሙያው ጥቁር መነጽሩን አድርጎ፣ ፀጉር ማድረቂያ የሚመስል ነገር ኮፈኑ ላይ ደገነ። ሌዘር ካልተጠነቀቁ ቀለሙንም እንደሚበላ አንብቤአለሁ፤ ስለዚህ በጉጉት ጠበቅሁ። ምን ያደርጋል፣ ጎበዝ ነው። ብርሃኑ ባለፈበት ሁሉ ሙጫው ጢስ ሆኖ ተነሣ፣ ቀለሙ ቀረ።

ጎረቤታችን እትዬ ዘሃራ ጠጋ አሉና፣ "ልጄ፣ ይሄ ነገር የፊት መጨማደድም ያጠፋል ይባላል። እስቲ እኔን ሞክረኝ" አሉት።

"እማማ፣ ይሄኛው ለብረት ነው።"

"ወላሂ፣ ከብረት በምን አንሼ።"

ግቢው በሳቅ ሞላ፤ እኔም ሳልወድ ሳቅሁ።

ማምሻውን መኪናው ትናንት የተገዛ መሰለ። አበራ በሩን በአክብሮት ከፈተልኝ፤ እግሬን ሳነሣ ግን አላስችል አለው።

"እትዬ፣ ጫማሽን እዚሁ አውልቂው። ምንጣፉ አዲስ ነው።"

ከነአቧራዬ ገባሁ። መንገዱን ሙሉ እግሬን እንጂ ፊት ለፊቱን አላየም። መቃብሯ ጋ ስንደርስ ግን ተንበረከከ።

"እትዬ፣ ስለ እሷ ብለሽ ይቅር በይኝ።"

"አልልህም" አልሁት።

እናንተም ሽማግሌ እንዳትልኩብኝ። እሱን ይቅር አልልም። ባጃጅ ስትጠብቅ እያዩ ዝም ያሉትን ጎረቤቶችም አልልም። ስልክ በደወልሁ ቁጥር "እማዬ፣ መኪናው ተመቸሽ?" ብዬ አንዴ እንኳ ያልጠየቅሁትን እኔንም አልልም። ማንንም።