የእትዬ ጥሩሸዋ በሶ «ምንም» አይባልም

በየመንደሩ አንድ አጉራሽ አይጠፋም። ከውርጭ የሚያመልጥ ሰው አለ፤ ከአጉራሽ የሚያመልጥ ግን አልተወለደም። በዘመሮ መንደር ይህን ማዕረግ የያዙት፣ ከጎረቤታቸው ከእስከዳር ጋር አጥር የሚጋሩት ክብርት እትዬ ጥሩሸዋ ናቸው።

መፈክራቸው አንድ ነው፤ «በሞቴ፤ አንዲት ጉርሻ ሰው አትገድልም።» የመብራት ቆጣሪ አንባቢው ይህን ሦስት ጊዜ ከሰማ ወዲህ ቁጥሩን ከአጥር ማዶ ሆኖ ይገምታል። ጎማ የፈነዳበት የሚኒባስ ሾፌር ክሪክ ሊዋስ ቤታቸው ገብቶ፣ ተሳፋሪዎቹ ከሌላ ተውሰው ጎማውን ቀይረው ሲጠሩት አፉ ሞልቶ «አቤት» ማለት አቃተው። ጥርሱን ተነቅሎ የመጣ ዘመዳቸው ጉንጩን ይዞ ቢለምናቸው፣ «ሌላኛው ጉንጭህ ምን ሆነ?» አሉት። እሳቸው ቤት ገብቶ «ምንም አልፈልግም» ማለት ድፍረት ነው፤ ወጥቶ «ምንም አልበላሁም» ማለት ግን ስም ማጥፋት ነው።

የእስከዳርን ባል በኃይሉን ቡአ ይዞት ዓመት አሠቃየው። የቀዶ ጥገና ቀጠሮው አንዴ ተላልፎበታል። ሁለተኛው ሲደርስ እስከዳር ገና ድክ ድክ የሚል ልጇን ለእህቷ ሰጥታ፣ ባሏን ይዛ ሆስፒታል ገባች። እትዬ ጥሩሸዋም «አስታማሚ ብቻዋን አትሆንም» ብለው ጓዛቸውን ይዘው ተከተሉ። እሳቸው ዘንድ ጓዝ ማለት ምግብ ነው።

ሰኞ ማታ ነርሷ መጥታ፣ «ነገ ቀዶ ጥገና እስኪገባ ድረስ ጾም ነው» ብላ ሄደች። እስከዳር ገባት። እትዬ ጥሩሸዋ ግን፣ «ማክሰኞ ደግሞ የምን ጾም ነው?» ሲሉ አጉረመረሙ። «ይሁን፤ የሐኪም ጾም ይሆናል።» በቅቤ ያሹትን የበሶ ጭብጦ መልሰው ቋጠሩና ሌላ በዘይት አሹ።

ጠዋት እስከዳር ፊቷን ታጥባ ስትመለስ የባሏ ጢም ላይ የበሶ ፍርፋሪ አየች።

«በሞቴ አሉኝ፤ ምን ላድርግ?» አለ በኃይሉ በሹክሹክታ። «ዝም በይ፣ ተራው እንዳያልፈን።»

ያለፈው ቀጠሮ፣ ያልታጨደው ገብስ፣ እህቷ ዘንድ የሚያለቅሰው ልጅ ሁሉ ባንዴ ታያት። ጢሙን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለት። ዝምም አለች።

የማደንዘዣ ባለሙያው ወንድምአገኝ ወረቀቱን ይዞ መጣ። «ከትናንት ማታ ወዲህ የቀመስከው ነገር አለ?»

«ምንም» አለ በኃይሉ።

ከአልጋው ግርጌ እትዬ ጥሩሸዋ ቀና አሉ። «ምን አልክ አንተ?»

«ምንም አልበላሁም።»

«የኔ በሶ ነው ምንም?» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «አራት ጭብጦ ሙሉ፣ በዘይት የታሸ፣ በርበሬ ጣል የተደረገበት። በላዩ አንድ ኩባያ የሱፍ ውሃ። ጾም ነው ስትሉኝ እኮ ነው ቅቤውን ያስቀረሁት፣ ልጄ።»

ወንድምአገኝ እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ። አልተቆጣም። «እናቴ፣ ሰው ትን ሲለው ምን ያደርጋል?»

«ያስላላ።»

«ማደንዘዣ የወሰደ ሰው አያስልም፤ ጉሮሮውም አብሮት ይተኛል። ሆዱ ውስጥ ያለው ወደ ላይ ይመለስና ሳንባው ይገባል። የዛሬው በሶ ሊገድለው ይችል ነበር።»

«አንዲት ጉርሻ…» ብለው ጀመሩና ተዉት። እስከዳር የነጠላዋን ጫፍ ጨበጠች። እሷ ሚስቲቱ ዝም አለች፤ እሳቸው ለበሶአቸው ክብር ሲሉ ተናገሩ፤ በኃይሉም ተረፈ።

ቀዶ ጥገናው ለማግስቱ ዞረ። «ረቡዕ? አሁን ገና ደንበኛውን የጾም ቀን አገኙት» አሉ እትዬ ጥሩሸዋ። ከማክሰኞ ማታ ጀምሮ በር ላይ ጋቢያቸውን ለብሰው ተቀመጡ። ጠያቂ ሁሉ ዘንቢሉን ሳያሳያቸው አላለፈም። አጠገብ ያለው በሽተኛ ብርቱካን ቢልጥ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረው አስቀመጡት፤ ሽታው እንዳይፈትን። በኃይሉ ሌሊቱን ውሃ ቢጠይቅ፣ «ሳንባህን አስብ» አሉት፤ ጠዋት የተማሩትን ሌሊት ያስተምራሉ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በኃይሉ ከቀዶ ጥገናው በደህና ወጣ። ዓይኑን ገልጦ ሚስቱን በስሟ ጠራት። እስከዳር እንባዋን ስትጠርግ ነው የእትዬ ጥሩሸዋን ቋጠሮ ያስተዋለችው። ከትናንት ማታ ወዲህ አልተፈታም።

«እርስዎ እህል አልቀመሱም?»

«እሱ ጾሙን አድሮ እኔ በየት በኩል ይወርድልኛል?»

እስከዳር ቋጠሮውን ፈታች። በዘይት የታሸውን ጭብጦ ቆረሰችና ወደ አፋቸው ዘረጋች። «በሞቴ፣ እትዬ፤ አንዲት ጉርሻ ሰው አትገድልም።»

«እሱስ እንደ ሰዓቱ ነው» አሉ እትዬ ጥሩሸዋ። የግድግዳውን ሰዓት አዩ። ዘጠኝ አልፏል። አፋቸውን ከፈቱ።