የዳይሬክተሩ ቅቤና የሚሽከረከረው ሽቦ

ሳይንስን የሚያስፋፉት ሊቃውንት ናቸው ይባላል። እኔ አልስማማም። ታዲያ እነማን ናቸው? አትቸኩሉ፤ ወላይታ ሶዶ ውስጥ የቸኮለ ሰው ቁርጡን ያለ ማባያው፣ ያለ ዳጣ ይበላል።

ነገሩ የሆነው ትምህርት በፕላዝማ ቴሌቪዥን በሚሰጥበት ዘመን ነው። የስክሪኑ መምህር እንግሊዝኛውን ያንበለብለዋል፤ እኛ ሥጋ የለበስነው መምህራን መብራት ሲጠፋ ተራ ይደርሰናል። ዳይሬክተራችን አቶ ዳና፣ ሁሉም ነገር ፕላዝማው ላይ ካለ ቤተ ሙከራ ምን ያደርጋል ብለው የፊዚክስ ክፍሌን የስብሰባ አዳራሽ ሊያደርጉት ቆረጡ። ያን ጊዜ ከፊዚክስ ይልቅ ስብሰባ ሰፊ ቦታ ይሻ ነበር፤ በክፋት አይደለም የምለው።

የቤተ ሙከራውን ጥቅም በወላጆች ኮሚቴ ፊት እንዳሳይ አንድ ዕድል ተሰጠኝ። ከአሮጌ የልብስ ስፌት መኪናና ከተበላሹ ድምፅ ማጉያዎች በወጡ ማግኔቶች አንድ መሣሪያ ሠራሁ። ጣት በምታክል የመስታወት ቱቦ ላይ የመዳብ ሽቦ ጠመጠምኩ። ሽቦው በማግኔቶቹ መካከል ሲሽከረከር ኤሌክትሪክ እንደ ወንዝ አዙሪት በውስጡ ይዞራል፤ ሽቦው ይግላል፤ ቱቦው ውስጥ ያለውንም ያሞቃል። ናሙና እያሽከረከሩ በማግኔት የሚመረምሩ ታላላቅ ላቦራቶሪዎች በዚሁ ሙቀት ይቸገራሉ አሉ። የእነሱ ችግር ለእኔ መዳኛ ሆነ።

እንዳላጭበረብር አቶ ዳና ባለቤታቸው የናጡትን ቅቤ ከቤት አስመጡ። «ያለ እሳት ከቀለጠ ክፍሉ ያንተ ነው» አሉኝ እየሳቁ። ቅቤውን ቱቦው ውስጥ ከትቼ የስፌት መኪናውን ፔዳል ረገጥኩ። ቀለጠ።

ጭብጨባ ጠበቅሁ። ወላይታ ፊት ቅቤ አቅርቦ ስለ ማግኔት እንዲያስብ መጠበቅ ግን ምን የሚሉት ጅልነት ነው? ማግኔቱን ዞር ብሎ ያየው የለም። ተበላ ከተማ ገበያ ቅቤ ሲነግዱ የኖሩት የኮሚቴው አባል ወይዘሮ አማረች ጣታቸውን ነከር አድርገው አሸተቱና፣ «ኧረ አቶ ዳና፣ ይሄ ዘይት ገብቶበታል! ንጹሕ ቅቤ ያለ እሳት መቼ ይቀልጣል?» አሉ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ አባል፣ «ለካ በጊፋታ በዓል እሳቸው ቤት በልተን ሆዳችን የተነፋው ለዚህ ነው» ሲል አከለበት።

አቶ ዳናን ላብ አጠመቃቸው። እዚህ አገር ሰው በሚስቱ ቅቤ ከሚታማ ጣራው ቢያፈስ ይሻለዋል። «ቅቤው ንጹሕ ነው! ያቀለጠው ማግኔቱ ነው!» ብለው ጮኹ። ማን ይመናቸው? ኮታቸውን አወለቁ፤ ማግኔቶቹን በገዛ እጃቸው አነሱ፤ አዲስ ቅቤ ጨምረው ፔዳሉን ረገጡ። ሽቦው ዞረ፤ ቅቤው ንቅንቅ አላለም። ማግኔቶቹን መለሱና እንደገና ረገጡ። ቀለጠ። እኔ ሊቁ ያላሰብኩትን የማነጻጸሪያ ሙከራ፣ የባለቤታቸው ስም አሳሰባቸው።

ወይዘሮ አማረች ቱቦውን ትክ ብለው አዩና፣ «እንግዲያው ይሄ ማግኔት ገበያችን እንዳይደርስ» ብለው ፈረዱ።

ክፍሉ ተረፈ። ከዚያ ወዲህ እንግዳ በመጣ ቁጥር አቶ ዳና እየመሩ ወደ ቤተ ሙከራው ያስገባሉ፤ ስለ አዙሪቱ ኤሌክትሪክ ራሳቸው ያስረዳሉ፤ ቅቤውም ዘወትር የባለቤታቸው ነው።

እኔ? ፔዳል እረግጣለሁ።