ዘፈኖቹ ሰው ሲያማርጡ

ትናንት ከምሳ በኋላ ወንበሬ ላይ እንቅልፍ ጣለኝና በሕልሜ ዘፈኖች ሰው ሲያዳምጡ አየሁ።

ቦታው አንድ ትልቅ ሙዚቃ ቤት ነበር። መደርደሪያው ላይ የተደረደርነው ካሴቶች ሳንሆን ሰዎች ነበርን። ዘፈኖቹ የጆሮ ማዳመጫ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ይገባሉ፤ አንዱን ሰው አንሥተው ጥቂት ያዳምጣሉ፤ ይመልሱታል። አንድ ራፕ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ከዘራ ተመርኩዞ በዝግታ ይራመድ ነበር። አንድ የመሰንቆ ዜማ ደግሞ ጉልበቱ ላይ የተቀደደ ጂንስ ለብሶ ማስቲካ ያኝክ ነበር።

ግድግዳው ላይ «እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ የሚወስደው ዘፈን ያላገኘ ሰው ጆሮውን አስረክቦ ይወጣል» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። ሰዓቱ አሥር ተኩል ይላል። አልፈራሁም። ሃያ ዓመት ሙሉ በጋዜጣ ሙዚቃ የተቸሁ ሰው ነኝ፤ ማን ሊዘለኝ ነው?

ራፑ አነሣኝ፤ አዳመጠኝ፤ መለሰኝ።

«ምነው አባባ?» አለው ባለጂንሱ።

«መግቢያው ረዘመ ልጄ። ከዚያ ያንኑ እየደጋገመ ይጮሃል። የዛሬ ሰዎች እኮ መልእክት የላቸውም።»

«ይህ የእኔ ዓረፍተ ነገር ነው! ስለ እናንተ የጻፍኩት ነው!» ብዬ ጮህኩ።

«ይኸው፤ አላልኩህም?» አለና አለፈ።

ለካ እዚያ ቤት ማንም ሰው በራሱ አይወሰድም፤ ወዳጆቹ ሽማግሌ ሆነው ሊለምኑለት ይገባል። ለእኔ የመጣው ሽመክት ብቻ ነበር፤ በየሳምንቱ ጃዝም ሬጌም እየላከ የሚያስቸግረኝ ጓደኛዬ። ነጭ ጋቢ ለብሶ በሩ ላይ ቆመ።

«ግባ፣ ተቀመጥ እንጂ» አለችው ከጋሞ የመጣች የጭፈራ ዘፈን።

«ጉዳዬ ሳይሰማ አልቀመጥም።»

«ሽማግሌ ሦስት ነው። ሁለቱ የት አሉ?»

«እሱ ተጣልቷቸዋል። አንዱን በሬጌ፣ አንዱን በጃዝ።»

«እህ?»

«ይህን ሰው ስሙልኝ ልል ነው። መጀመሪያው ያስቸግራል፤ ወደ ኋላ ግን ያምራል።»

«ስንተኛው ደቂቃ ላይ?»

ሽመክት ጉሮሮውን ጠረገ። «ስድሳኛው ዓመት ላይ ይመስለኛል።»

«አሁን ስንት ላይ ነው?»

«ሃምሳ ስድስት።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እሷ ግን አልሳቀችም። «አንተስ ሰምተኸዋል?»

«ሠላሳ ዓመት።»

«ሳትዘል?»

«ሳልዘል።»

ዘፈኗ ልቧ ራራ። ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ወደ እኔ መጣች። ለአሥራ አንድ አምስት ጉዳይ ነበር። «እግዜር ይስጥልኝ» ብል ይበቃ ነበር።

«ቆይ!» አልኳት። «ይህ ከበሮሽ ምን ያጣድፈዋል? ደግሞስ ይህ ማጨብጨብ ሙዚቃ ነው?»

«አንተ ይትባረክ» አለኝ ሽመክት በለሆሳስ፣ «እሷ እኮ ገና አፏን አልከፈተችም።»

ማዳመጫዋን አወለቀች። አሥራ አንድ ሰዓት ደወለ። አንድ የዋሽንት ዜማ ትሪ ይዞ መጥቶ እጁን ወደ ጆሮዬ ሲዘረጋ ነቃሁ።

ዳበስኳቸው፤ ሁለቱም አሉ። ተመስገን ብዬ ስልኬን አነሣሁ። ጓደኛሞች ዘፈን በምንላላክበት የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ሽመክት ከምሳ በፊት አንድ አዲስ ዘፈን ልኮ ነበር። እኔም ከመተኛቴ በፊት እንደ ልማዴ ሳልከፍተው አራት አንቀጽ መልስ ሰጥቼበታለሁ፤ ዘፋኙ ጉንፋን እንደያዘው በግ ነው ብያለሁ። ከሥሩ ሌላው ጓደኛችን አጥናፉ «አንተ ሰውዬ፣ የዘፈነው ራሱ ሽመክት እኮ ነው!» ብሎ ጽፏል። ከዚያ በታች በደቃቅ ፊደል «ሽመክት ከቡድኑ ወጥቷል» ይላል።

አራቱን አንቀጽ ደግሜ አነበብኳቸው። አንድም የፊደል ግድፈት የለባቸውም። ዘፈኑን ግን እስካሁን አልከፈትኩትም።