ከመሸ የማይቀጠፍ ጠምበለል

ፎቅ ባለበት ሁሉ፣ ማንም ሳይሾማት የተሾመች አንዲት ሐኪም አትጠፋም። የኛዋ፣ እዚህ ሕንድ አገር ፑኔ ከተማ፣ ከጎናችን የሚኖሩት ወይዘሮ ቫትሳላ ናቸው። የማናችንም ዘመድ አይደሉም፤ ግን ሁላችንም ካኩ፣ ማለትም አክስቴ፣ እንላቸዋለን።

ለካኩ በሽታ አንድ ነው። ራስ ምታት? "ሙቀት ነው!" ብጉር? "ሙቀት ነው!" የውሃ ፓምፑ የተቃጠለ ቀን እንኳ ደረጃው ላይ ቆመው፣ "አልነገርኳችሁም? ሙቀት ነው!" ብለዋል። ያን ቀን ልክ ነበሩ።

የአፍ ቁስል ሲሆንማ ችሎት ይቀመጣሉ። አንድ ቀን ባሌን ማካራንድን መስኮት ሥር አቁመው ምላሱን አስወጡት።

"አቻሩን፣ ያን የሚለበልብ የኮመጠጠ ማባያ፣ ስንት ማንኪያ በላህ?"

"አንድ ብቻ፣ ካኩ።"

"ምላስህ አራት ይላል።"

ፍርዱ የጠምበለል ቅጠል አኝኮ መትፋት ነው። ጠዋት ጠዋት በረንዳችን ላይ ትልልቅ ሰዎች እንደ ፍየል ያመነዥካሉ።

ጠምበለሉ የሳቸው ነው፤ እዚያው በረንዳ ላይ፣ አሮጌ የዘይት ቆርቆሮ ውስጥ የተተከለ። ሕግ አለው፤ ፀሐይ ከጠለቀች አይነካም። "ተክል ይተኛል። አንቺ ተኝተሽ ፀጉርሽን ቢነጩሽ ደስ ይልሻል?" አንድ ምሽት ስልክ እያወራሁ ሳላስበው አንዲት ቅጠል ብቀጥፍ ሦስት ቀን ዘጉኝ። በአራተኛው ቀን ያናገሩኝም ሙቀት እንዳለብኝ ሊነግሩኝ ነው።

ባለፈው ሳምንት ታዲያ የስድስት ዓመቷ ልጄ ኬትኪ ምላሷና ከንፈሯ ቆሰለ። ሐኪሙ አይቷት፣ "በሳምንት ይድናል፤ ፈሳሽ አይጉደልባት" አለኝ። ሳምንት ለሐኪም አጭር ነው። ልጄ ግን ከዋዜማው ጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፤ ማንኪያ ስታይ በሁለት እጇ አፏን ትይዛለች። ፀሐይ ጠልቃ መብራት እንዳበራሁ ካኩ ሳያንኳኩ ገቡ።

"ምን ሆና ነው የምታለቅሰው?"

"አፏ ቆስሎ ነው። ነገ ጠዋት ቅጠል ልጠይቅዎት ነበር።"

"ልጅ ተርቦ ነገ?"

ተከትያቸው ወጣሁ። ጫማቸውን አውልቀው ቆርቆሮዋ ፊት ተንበርክከዋል። ግንዱን በጣታቸው ቀስ አድርገው እየነካኩ፣ "እማማ፣ ይቅርታ፣ ተነሺልኝ። ትንሿ እራት አልበላችም" ይላሉ። እኛን እንዲህ ለስለስ ብለው አናግረውን አያውቁም።

ቅጠሉን ቀጥፈው በንጥር ቅቤ አፍልተው፣ አጥልለው፣ አቀዝቅዘው ቀቡላት። ኬትኪ ፊቷን አጨማደደች፤ አኮረፈችም። ትንሽ ቆይታ ግን እርጎ የተለወሰበት ሩዝ አምስት ማንኪያ ዋጠች። እኔም ከእያንዳንዱ ማንኪያ ጋር አብሬ ዋጥኩ። ቅቤው ይሁን ቅጠሉ፣ ወይስ ቁስሉ ራሱ ደክሞት፣ እንጃ።

በማግስቱ ማካራንድ፣ አቻሩን ዳግም ቀምሶ ኖሮ፣ ምላሱን ይዞ ወደ በረንዳው ወጣ። ካኩ ቆርቆሮዋ ፊት ቆመዋል።

"ዛሬ ማንም እንዳይቀጥፍ! እንቅልፍ አልጠገበችም።"

ባሌ እኔን አየኝ። እኔ ግን ከካኩ ጎን ሄጄ ቆምኩ።