ለመርዶ የሚመጥን ሞተር

በሠለጠነው ዓለም የእሽቅድምድም ሞተር የሚፈተነው የቆዳ ልብስ በለበሱ ጎረምሶች፣ በጠመዝማዛ አስፋልት ላይ ነው አሉ። ይህ ለሥራ ፈት ሕዝብ ይበቃል። እኛ ግን ለእድር ጥሩምባ ፈትነነዋል። ይህን ቀዳሚነት እስካሁን የተሻማን እድር የለም፤ ወደፊትም የሚሻማን አይመስለኝም። የእድሩ ጸሐፊ እንደመሆኔ ታሪኩን ለትውልድ ማቆየት ግዴታዬ ነው።

መነሻው የሰፈራችን መፍረስ ነው። ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር፣ ግድግዳ ተጋርተን፣ የአንዱ ወጥ ለሌላው እየሸተተው የኖርን ሰዎች ከተማው ዳር ወዳሉ ኮንዶሚኒየሞች ተበተንን። የእድራችን ዳኛ አቶ ገብረዮሐንስ ብቻ ቤታቸው ከሚፈርሰው መስመር ወዲያ በመዋሉ ፒያሳ ቀሩ። «ቤት ይፈርሳል እንጂ እድር አይፈርስም» ብለው ሲናገሩ እጃችን እስኪቃጠል አጨበጨብን። ከጭብጨባው በኋላ ግን አንድ ችግር መኖሩ ታወቀ። ደንባችን ሞት የሚነገረው በጥሩምባ ነው ይላል፤ ጥሩምባ ነፊያችን ጋሽ አጥናፉ ደግሞ የራሳቸው መጓጓዣ የላቸውም። ታክሲ ተጋፍተው፣ አውቶቡስ ጠብቀው ኮንዶሚኒየም ደርሰው ሲነፉ ሟቹ ተቀብሮ፣ ድንኳኑ ተነቅሎ ይጠብቃቸዋል።

በዚህ ዓይነት እትዬ ሙሉነሽ የወይዘሮ ሸሪፋ ቀብር አመለጣቸው። እትዬ ሙሉነሽ የእድሩ ወጥ ቤት አዛዥ ናቸው፤ ከሸሪፋ ጋር ዕድሜ ልካቸውን በአንድ ግድግዳ ተለያይተው፣ በአንድ እሳት ተደጋግፈው ኖረዋል። በጠቅላላ ጉባኤው ላይ ተነሡና ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«እኔ ሞትን አልፈራም» አሉ። «የምፈራው አራተኛ ፎቅ ላይ ሞቼ፣ ስሜን የማያውቅ ሰው አውርዶ እንዳይቀብረኝ ነው። ሁላችንም ስልክ አለን። እንደዋወል።»

ሴቶቹ በነጠላቸው ጫፍ እንባቸውን ጠረጉ። አቶ ገብረዮሐንስ ግን በስሜት የሚነዱ መሪ አይደሉም። መርዶ ከዘፈን ጥሪ ጋር በአንድ ኪስ እንደማያድር፣ ስልክ ለወሬ፣ ጥሩምባ ለቁም ነገር መሆኑን በሰፊው አብራሩ። የጎደለን የጥሩምባው ፍጥነት ነው አሉ። መፍትሔውም በእጃቸው ነበር፤ ካፌ ተቀምጠው ማኪያቷቸውን ሲጠጡ የሞተር እሽቅድምድም የሚመለከቱት በስልካቸው ነውና። እድሩ የእሽቅድምድም ሞተር እንዲገዛ፣ ከመግዛቱ በፊት ግን የሞተሮቹ አነዳድ በኮሚቴ እንዲነጻጸር ተወሰነ።

ኮሚቴው በዕለቱ ተቋቋመ። ከአባላቱ ሞተር መንዳት የሚችል አልነበረም፤ ይህም ገለልተኝነቱን አረጋገጠለት። የወርቅ ሠሪው የአብዱልሃኪም ልጅ ሱሀይብ ሞተር ወዳድ ነው። ከጓደኞቹ ጋር ሦስት ሞተሮች አምጥቶ ምኒልክ አደባባይ አጠገብ ደረደራቸው፤ አንዱ ጃፓን፣ አንዱ ጣሊያን፣ አንዱ ጀርመን ሠራሽ። ልጆቹ ሊነዱ፣ ጋሽ አጥናፉ ጥሩምባቸውን ይዘው በየተራ ከኋላ ሊፈናጠጡ ተስማሙ። የእሽቅድምድም ሞተር የኋላ መቀመጫ የእንጀራ ቁራሽ ታክላለች፤ ከፍታዋ ግን ሌላ ነው። ስለዚህ ጋሽ አጥናፉ ቆጥ ላይ እንደወጣ አውራ ዶሮ ሆነው የቸርችልን ቁልቁለት ወረዱ።

ጃፓኑ እስከ ግማሽ ጉልበቱ ድረስ ጭምት ነው፤ ነዳጅ በልክ ሲሰጡት በልክ ይሄዳል። ከግማሽ ካለፈ ግን ይጮኻል፤ ጋሽ አጥናፉም አብረው ይጮኻሉ፤ ጥሩምባው ብቻ አይሰማም። ነጂውን በነዳጅ መያዣው ላይ ደፍቶ ስለሚያስኬድ አቶ ገብረዮሐንስ ወደዱት፤ አጎንብሶ የሚያልፍ ወጣት ካየሁ ቆይቻለሁ አሉ። ጣሊያኑ ሲነሣ ድምፁ የካፌ ሽማግሌዎችን ከወንበራቸው አስነሣ፤ ኩርባ ላይም የነጂውን ሐሳብ አስቀድሞ እንደሚያውቅ ሁሉ ቀድሞ ይታጠፋል። ትንሽ ቅሬታ ቢኖር መብራት ሲይዘው ከመቀመጫው ሥር የሚወጣው ሙቀት ነው። ጋሽ አጥናፉ ተቀመጡ ከሚባል ተጣዱ ቢባል ይቀላል። ጀርመኑ ኮምፒውተር አለው፤ ጎማ ሊንሸራተት ሲል ይይዛል፣ ነጂው ሲያበዛ ይከለክላል፣ መሪው ሳይቀር እጅ ያሞቃል፣ ነጂውን ግን በምንም አያምነውም። በመንግሥት ሥራ ያረጀን የኮሚቴው አባላት ይህን ጠባይ ከየት እንደምናውቀው ለማስታወስ አልተቸገርንም።

ኮብልስቶን ላይ ሲደርሱ ግን ሦስቱም አንድ ሆኑ፤ የጋሽ አጥናፉን ጥርስ እኩል አንገጫገጩ። ሲመለሱም ሦስቱም በየተራቸው ከውሃ ቦቴ ኋላ እየተሰለፉ በቦቴው ፍጥነት መጡ። ድምፅ ሲሰጥ ኮሚቴው ለሦስት ተከፈለ።

እንዲህ ያለ ቋጠሮ የሚፈታው መሥዋዕትነት ብቻ ነው። አቶ ገብረዮሐንስ ተነሡና ሞተሮቹ በአንድ ጊዜ በሦስት አቅጣጫ ወጥተው መርዶ እንዲናገሩ፣ እድርተኛውን ቀድሞ ያመጣውም እንዲገዛ ሐሳብ አቀረቡ። ሙከራ ነው ከተባለ የሚመጣ ስለማይኖር ነገሩ በምስጢር ይያዝ አሉ።

«ሟቹስ ማን ይሁን?» ሲሉ ጋሽ አጥናፉ ጠየቁ።

«መሪ ከፊት ነው የሚሄደው» አሉ አቶ ገብረዮሐንስ። «እኔ ልሙት።»

ጋሽ አጥናፉ በጀርመኑ፣ አንድ የኮሚቴ አባል በጃፓኑ፣ እኔ በጣሊያኑ፣ ሁላችንም ከልጆቹ ኋላ ተፈናጥጠን፣ ጥሩምባ አንግበን ወጣን። ሟቹ ካፌያቸው በረንዳ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን አውለበለቡልን። ስለ ጣሊያኑ አነዳድ በገዛ አካሌ የቀሰምኩት እውቀት አለ፤ ሲነሣ ሆዴ ፒያሳ ቀረ፣ ሌላው ሰውነቴ ሄደ። ብዙ ሳንርቅ መንገዱ ተዘጋጋ። ሞተሩ ጋለ፣ እኔም ጋልኩ፣ ሞተሩ ጠፋ። መንገድ ዳር አቁመነው እስኪበርድ ስንጠብቅ አንድ አውቶቡስ ወደ ከተማ አለፈ። የተሳፈሩት ልናረዳቸው የምንሄደው ሰዎች ነበሩ፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ያለቅሳሉ። አንዷ ጥሩምባዬን አይታ በመስኮት «አይዞህ» አለችኝ።

ኋላ ሲጣራ፣ ጋሽ አጥናፉ ከመጀመሪያው ሕንፃ ሥር አንዴ እንደነፉ አንዲት ሴት ለእትዬ ሙሉነሽ ደውላለች። እትዬ ሙሉነሽም ለሁሉም ደውለዋል።

ፒያሳ ስንመለስ በአቶ ገብረዮሐንስ ደጅ ድንኳን ተተክሏል፣ ድስት ተጥዷል፣ ሰው ሞልቷል። ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ እንደዚያ ተሰብስበን አናውቅም። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። እትዬ ሙሉነሽ ከማልቀስ ብዛት ዓይናቸው አብጦ ነበር። ሟቹ በዚህ መሀል ከካፌ ተነሥተው፣ ክራቫታቸውን አስተካክለው ድንኳኑ ውስጥ ገቡ። የጮኸ ጮኸ፣ ያማተበ አማተበ። እሳቸው ግን ሙከራው በተሳካ ሁኔታ መጠናቀቁን በደስታ ገለጹ፤ የቀረው ቀድሞ የደረሰውን ሞተር ማወቅ ብቻ ነው አሉ።

እትዬ ሙሉነሽ ተነሡ። ማማሰያቸውን ከድስቱ ክዳን ጋር አጋጩ፤ ንዴት መሆኑን ሁላችንም አወቅን። ደንቡን አንድ በአንድ ጠቀሱ። እድሩ ለአንድ አባል አንድ ጊዜ ድንኳን ይተክላል፣ አንድ ጊዜ ያለቅሳል፤ ዳኛ ሲያርፍም በቦታው ሌላ ይመረጣል። ጥሩምባው በደንቡ መሠረት ስለተነፋ የአቶ ገብረዮሐንስ ሞት ሕጋዊ ነው አሉ። ምርጫው እዚያው ተካሄደ። እትዬ ሙሉነሽ ዳኛ ሆኑ፤ ስልክም ደንቡ ውስጥ ገባ። ጋሽ አጥናፉ ሁለቱንም እጃቸውን ነበር ያወጡት። እኔም አወጣሁ፤ ጸሐፊ ለደንብ ይገዛል።

አቶ ገብረዮሐንስ መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ አብሯቸው የሚስቅ ሰው በዓይናቸው ፈለጉ። ሲያጡ ፊታቸው ዐመድ መሰለ።

«እና በእውነት ስሞትስ?» አሉ ቀስ ብለው። «ማን ይቀብረኛል?»

እትዬ ሙሉነሽ ንፍሮውን በሰፌድ አቀረቡላቸው።

«አልቅሰንልዎታል እኮ ጋሼ። ይልቅ ከንፍሮዎ ይዝገኑ።»