በጣሳ የሚረጭ ሱፍ

ዛሬ ማለዳ የስፌት መኪናዬ ላይ እንደተደፋሁ እንቅልፍ ጣለኝና ሕልም አየሁ።

የሚተኛበት ቀን አልነበረም። የአድማሱ ሠርግ ዛሬ ነው፤ ሱፉን «ሰኞ ይደርሳል» እያልኩ አራት ሰኞ አሳልፌበታለሁ። በቀጠሮው ያደረሰ ልብስ ሰፊ ካለ እኔ አላውቀውም፤ ቢኖርም የሙያ ጓደኞቹ ሰላም አይሉትም።

በሕልሜ አድማሱ ራቁቱን ሱቄ ገባ። አያፍርም። የትንኝ መድኃኒት የመሰለ ጣሳ ይዞ ከአንገቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ራሱን ረጨ። ጢሱ ሲገለጥ ጥቁር ሱፍ ለብሷል፤ ቁልፉ እንኳ አልጎደለም። ተገላገልኩ ብዬ እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

ወዲያው ከረባት ያሰሩ ሁለት በጎች መጡና በክር የተሰፋ ልብስ ተከልክሏል ብለው አስወለቁኝ። ትልቁ በግ ሹራቤን አሸተተና «ይሄ አጎቴ ነው» አለ። አለቀሰ።

የሚረጭብኝ ፍለጋ ወጣሁ። ደንበኞቼ በሙሉ ጣሳ ይዘው በየደጃቸው ተቀምጠዋል። ወይዘሮ አልጋነሽ ዘንድ ሄድኩ፤ ለፋሲካ ያዘዙትን ቀሚስ ለገና ያደረስኩላቸው ሴት ናቸው። አንዴ ብቻ ይርጩብኝ ብዬ ለመንኳቸው።

«ሰኞ ብቅ በል» አሉኝ።

«እትዬ፣ ራቁቴን ነኝ እኮ።»

«አየሁ ልጄ። መብራት ጠፍቶብኝ ነው።»

ከዚያ ሠርጉ ቤት ነበርኩ። አንዱ ሚዜ ሲያነጥስ የሙሽራው ሱሪ ብን ብሎ ጠፋ። ዘመድ ሁሉ ገመናውን ሊሸፍንለት ጣሳ መዘዘ። አማቱ ካባ ረጩበት፣ አጎቱ ካፖርት፣ ቄሱ የትራፊክ ፖሊስ ልብስ። ልብስ በልብስ ላይ ሲደራረብ አድማሱ እንደ ጎተራ አበጠ፤ ትንፋሽ አጠረው። መቀስ ያለው ሰው ከእኔ በቀር አልነበረም። በጣም ፈራሁ። ልጁን እወደዋለሁ፤ የአባቱንም የሠርግ ሱፍ የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ያኔም ዘግይቼ ነበር። ራቁቴን ሮጬ መቀሱን ደረቱ ላይ ከፈትኩ።

«ጋሼ ስንሻው» አለኝ፣ ትከሻዬን እየነቀነቀ።

ነቃሁ። አድማሱ ከሦስት ሚዜዎቹ ጋር አጠገቤ ቆሟል። ውጭ የሠርግ መኪኖች ጡሩንባ ይነፋሉ። ኮቱ አልቆ ተሰቅሏል። የሱሪው ጨርቅ ግን ገና አልተቆረጠም፤ ጉንጬ ሥር ነበር፣ ለሃጬም አርሶታል። ለሃጩን በእጅጌዬ ጠረግኩ። አድማሱ አልተቆጣም። ሄዶ የሱቁን በር ከውስጥ ዘጋ። ተመልሶ ከራሴ እስከ እግሬ አየኝና ዓይኑ የለበስኩት ጥቁር ሱሪ ላይ ቆመ።

«ጋሼ» አለኝ፣ «እርስዎ ወገብዎ ስንት ነው?»